የባሌ ትንፋሽ ዘበኛ

«እንዴት አደርሽ?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ዋሽቻለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» እላለሁ፤ መቼም ሌላ የሚል የለም። መሥሪያ ቤት ስገባ ይጠይቁኛል፣ ደህና። ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸው ከእናቴ የማያንስ የአርሲ ሴት፣ በአጥር በኩል በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፤ «ናጋ» እላቸዋለሁ፣ ሰላም ነው ማለቴ ነው። እንዴት አደርሽ ብሎ ቆሞ መልሱን የሚጠብቅ ሰው አሰላ ውስጥ አላየሁም። ሌላም አገር ያለ አይመስለኝም።

እውነቱ ግን ደህና አላድርም ነበር። ባሌን ስጎስም ነበር የማድረው።

ባሌ ያንኮራፋል። እሱስ ባልከፋ፣ የማያንኮራፋ ባል ማን አላት። የኔ ጭንቅ ማንኮራፋቱ ሲቆም ነው የሚጀምረው። ቤቱን ሲያናውጥ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱ ይታገላል፣ አፉ ተከፍቷል፣ አየር ግን አይገባም፣ አይወጣም። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሞተ ብዬ በክርኔ ጎኑን ስለው ከውሃ እንደወጣ ሰው አየሩን ጎትቶ ተመለሰና ተገላብጦ ተኛ። ጠዋት «ጎኔን ምን ነካኝ» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘበኛ ሆንኩ። ጸጥ ሲል እቆጥራለሁ። እስከ ሃያ እታገሳለሁ፤ ሠላሳ ሲሞላ ክርኔ ይሄዳል። ይተነፍሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይቆማል። ኋላ ኋላ እንቅልፍ እየወሰደኝ እንኳ ክርኔ ሥራውን ያውቅ ነበር።

አልነገርሽውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነግሬዋለሁ። «ሌሊት ትታፈናለህ» ስለው «አንቺ ነሽ ብርድ ልብሱን እየሳብሽ የምታፍኚኝ» ይለኛል። የራሱን ማንኮራፋት የሰማ ሰው የለምና ምን ብዬ ላሳምነው። እኔ ደግሞ ቶሎ ንድድ የምል ሰው ነኝ፤ ሁለቴ ተናግሬ ካልተሰማሁ ሦስተኛ አልደግምም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ቀን ቀን ባገኘበት ይተኛል። ስብሰባ ላይ ይተኛል፣ ለቅሶ ቤት ይተኛል፣ የልጃችን ምርቃት ላይ ስሟ ሲጠራ ተኝቶ ነበር። ሰው «የደላው» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ የደም ግፊት ኪኒኑ ከአንድ ሁለት ሆነ። እኔም መዝገብ ቤት ወንበሬ ላይ ጭልጥ ይለኛል፤ የኔን ግን «ሥራ በዝቶባት ነው» ይሉታል። ሴት ስትተኛ ደከማት፣ ወንድ ሲተኛ ደላው። ለዚህች ለዚህች እንኳ ሴትነት ጠቅሞኛል።

ነገሩ እንቅልፍ ብቻ ቢሆን እስካሁንም ዝም ባልኩ። ባሌ ግን ሹፌር ነው። እኔ የምሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ጡረታው ሁለት ዓመት የቀረው ሹፌር። ባለሙያዎቹን ጭኖ ሲሬ ይወርዳል፣ ጮሌ ይወጣል፤ ዝናብ ሲሆን ሌላው ሹፌር የሚሸሸውን መንገድ እሱ እያፏጨ ነው የሚሄደው። መሪ ካልጨበጠ ሰው የሆነ አይመስለውም።

አምና ገብሱ ማሳውን ሞልቶ በቆመበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ከጮሌ ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ መኪናው ሳይታጠፍ ቀረ። በቀጥታ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰርግ መኪና፣ የሰው ገብስ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡት አውቆ ያቆመ መስሏቸው አንዱ ለሽንት ወረደ። ባለማሳው እየሮጠ መጥቶ ሲጮህ ነው ባሌ የነቃው። «ፍሬን እምቢ አለኝ» አለ። ሁሉም አመኑት። ያላመነችው ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ናት፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ባለሙያ። በማግስቱ መዝገብ ቤት ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር» አለችኝ። «ለኃላፊው አልተናገርኩም። ካላሳከሟቸው ግን እናገራለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።»

ምን እቀየማታለሁ። ከገደል ያተረፋቸው ገብሱ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ገብስ የሌለበት መታጠፊያ ስንት እንዳለ እኔም አውቃለሁ።

ጎትቼ የወሰድኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ባሌን «አባቴ» ሲለው ባሌ ፊቱን አጨማደደ። ሐኪሙ ግን ብልህ ነው፣ ጥያቄውን ለሱ ሳይሆን ለኔ አደረገው። «እናቴ፣ ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቋረጣል?» አለኝ። ባሌ ቀደም ብሎ «ኧረ የለም» አለ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ አሁንም እኔን አየኝ። «ይቋረጣል» አልኩ። በሽታው ስም እንዳለው ያኔ ነው የሰማሁት። እንቅልፍ ሲወስደው የጉሮሮው ሥጋ ይላላና መንገዱን ይዘጋል አለን፤ አንጎሉ እየታፈነ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚባንን ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል። ቤት ወስዶ ተኝቶበት የሚያድር መመርመሪያ አለ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላካል፣ ሆስፒታል መተኛት አያስፈልግም አለ። ባሌ ሆስፒታል አትተኛም ሲባል ብቻ እሺ አለ።

መመርመሪያውን ይዛ ቤታችን የመጣችው የክሊኒኩ ነርስ ናት፤ በባጃጅ መጣች፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛ። ሳሎን ውስጥ አውጥታ አሳየችን። ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ አፍንጫ ሥር የሚደረግ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጥ ቀይ መብራት ያላት ነገር። ቀበቶው መሃል የክብሪት ቤት የምታህል ሳጥን አለች፤ ትንፋሹን፣ ኦክስጅኑን፣ መገላበጡን፣ ሁሉንም የምትመዘግበው እሷ ናት። ነርሷ ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆማ «እንደ ወትሯችሁ ተኙ፣ ምንም ነገር እንዳትቀይሩ» አለችን። ይህቺን ቃል ያዙልኝ።

እንደ ወትሯችን አልኩ እንጂ ቤቱን እንግዳ እንደሚያድርበት አሰናዳሁት። አዲሱን አንሶላ አነጠፍኩ፣ ባሌን ገላህን ታጠብ አልኩት፣ ካልሲውን ደበቅሁ። ሳጥኗ ዓይን የላትም፣ አውቃለሁ። እኔን ያሳደገችኝ እናት ግን ገበናሽን ለባዳ አታሳይ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሳሎናችን እንግዳ ሲያድር እንኳ እኔ እስከ ሠላሳ አልቆጥርም፤ ገና ማንኮራፋት ሲጀምር ጎሰም አድርጌ ዝም አሰኘዋለሁ፣ ጠዋት እንግዳው እንዳይስቅብን። በዚያች ሌሊት ያቺ ሳጥን እንግዳዬ ሆነች።

ጣቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት በብርድ ልብሱ ውስጥ ትታየኛለች። ሲያንኮራፋ ጎሰም። ሊያቆም ሲል ጎሰም። እስከ ሠላሳ ቀርቶ እስከ አምስት አላደረስኩትም። በልቤ ምን ነበር? እውነቱን ልናገር ከተቀመጥኩ አይቀር ልናገረው፤ እጄ ብቻ አልነበረም፣ አውቄ ነው። ይህቺ ሳጥን ያየችውን ለሐኪሙ ትነግራለች፣ ሐኪሙ ይጽፋል፣ ወረቀቱ ቢሮ ይገባል፣ ባሌ ቁልፍ አስረክብ ይባላል። እንዲታከም የጎተትኩት እኔ፣ በሽታው እንዳይታይ የደበቅሁትም እኔ። እንደ ወትሯችሁ ተኙ ተብለናል፣ ወትሯችን ደግሞ ይኸው ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ሲነጋ ክርኔ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

ውጤቱ ከሳምንት በኋላ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶ እያሳየ አስረዳን። ዋናው ቁጥር ትንፋሹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚቀንስ ነው አለ፤ ከአምስት በታች ደህና፣ እስከ አስራ አምስት ቀላል፣ እስከ ሠላሳ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። የባሌ ሰባት ነው። የደሙ ኦክስጅንም ብዙ አልወረደም። «ቀላል ነው» አለ፤ ግን ፊቱ ላይ ያልተዋጠለት ነገር ነበር። «አባቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ ነው ያደሩት። መሣሪያው አላስተኛዎትም እንዴ?» ባሌ «እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት» አለ። ሐኪሙ ወረቀቱን ደግሞ አየው። እኔ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ መሬት መሬት አያለሁ። ክብደት ይቀንሱ፣ ማታ መጠጥ ይቅር፣ በጎንዎ ይተኙ ብሎ ሸኘን።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አፈር ስበላ፣ ደስ አለኝ። ባሌማ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ከሊብሬውና ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አስቀመጠው። ጎማ ሲያስነፋ ለጎሚስታው ያሳያል፣ ዘበኛውን ጠርቶ ያሳያል። «ሰባት ብቻ» ይላል፣ ልክ ፈተና እንዳለፈ። ማታ ማታ እኔን ያሾፍብኛል፤ «ትታፈናለህ ስትይኝ ነበር፣ ይኸው ሳይንሱ መሰከረ።» ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ወረቀት ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሐሰተኛ ማስረጃ በእጄ አልፎ አያውቅም። ይህንን ግን ራሴ በክርኔ ጻፍኩት።

አንድ አርብ ጠዋት ያቺ ከሌላ ክልል የመጣችው ልጅ ደግሞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ፊቷ በርቷል። «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጋሼ ወረቀቱን አሳዩኝ። ይቅርታ ያደርጉልኛል፣ እኔ ፈርቼ ነው እንጂ። ሰኞ ጮሌ ልንወጣ ነው፣ አምስት ሆነን፤ ከፊት እኔው ነኝ የምቀመጠው።» ክው አልኩ። ልጅቷ ያኔ ከሞት የተረፈችበት ወንበር ላይ የኔን ወረቀት አምና ተመልሳ ልትቀመጥ ነው። እንኳን አብሮ ያስደስተን ማለት ከአፌ አልወጣም። ፋይሌን ዘግቼ ምሳ ሳልበላ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ።

ለሐኪሙ ነገርኩት። ሁሉንም፤ አንሶላውን ሳይቀር። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥቶ ያንን መገላበጥ የሚያሳየውን መስመር በጣቱ ሄደበት። «እናቴ፣ ይሄ ሁሉ እርስዎ ነዎት እንግዲህ» አለ። «መሣሪያው የለካው እሳቸውን ሳይሆን ሁለታችሁን አንድ ላይ ነው።» እንደገና እንመርምር፣ በዚያን ዕለት እርስዎ ሌላ ቤት ይደሩ አለኝ። ሰኞ መኪና እንዳይነዳ የሚል ወረቀትም ጻፈ።

ለባሌ የነገርኩት ቤት እንደገባሁ ነው፤ ካደረ አልናገረውም ብዬ። ሲሰማኝ ፊቱ ተለዋወጠ። ያበሳጨው መታፈኑ አይደለም፤ ለሐኪሙ መናገሬ ነው። «እኔ ሳላውቅ ሄደሽ አስፈረምሽብኝ» አለ። «ጠላት እንኳ ይህን አያደርግም። ሁለት ዓመት ነበር የቀረኝ።» የመኪናውን ቁልፍ ቅዳሜ አስረከበ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲጭን የኖረ ሰውዬ በጋሪ ተጭኖ ቤቱ ገባ። ወርዶ ለባለጋሪው ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። እኔንም ከዚያ በኋላ አላናገረኝም፤ ጨው ሲፈልግ ለግድግዳው ነበር የሚናገረው። ሰኞ ጮሌ የወጡት በሌላ ሹፌር ነው። ልጅቷ ከፊት ተቀምጣ ሄዳ ከፊት ተቀምጣ ተመለሰች።

ሁለተኛው ምርመራ ዕለት ነርሷ ሁሉንም አስራለት ሄደች፤ እኔ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። ጉዳዩን ነግሬያቸው ነበር። «እናቴ፣ ሞቶ ቢያድርብኝስ?» አልኳቸው። ገላመጡኝና «አስራ አንድ ዓመት አንቺ ነሽ እንዴ ያኖርሽው? አላህ ነው እንጂ» አሉኝ። አናደዱኝ። ከጎናቸው ፍራሽ አነጠፉልኝ። አልተኛም፣ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፣ ድምፅ ከሰማሁ አጥሩን ዘልዬ እገባለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ነጠላዬን እንደለበስኩ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ያስታወስኩት እዚህ ድረስ ነው።

ስነቃ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ፍራሹ ላይ ነች። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆመው እያዩኝ ነው። «ሦስቴ መጥቼ አየሁሽ፣ አልነቃሽም። ይህን ያህል ደክሞሽ ኖሯል?» አሉኝ። ተነስቼ ሮጥኩ። በአጥሩ ክፍተት እሾህ ነጠላዬን ያዘው፣ ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ አጥር እስከ መኝታ ቤታችን በር ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ግን ቀብሩን ሁሉ ጨርሼ ነው የደረስኩት፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ሳይቀር። ባሌ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። ፊቱ አብጧል፣ ዓይኑ ደም መስሏል፣ ቀበቶው ደረቱ ላይ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉን ያኔ ተናገረኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ማን ሲደበድበኝ እንዳደረ አላውቅም» አለ። ማንም አልነካውም፤ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ያልተነካባት አንዲት ሌሊት እሷ ነበረች። ይህን ላስረዳው አልቻልኩም፤ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቁጥሩ አርባ ስድስት ነው። በሰዓት አርባ ስድስት ጊዜ። ኦክስጅኑ ከዘጠና በላይ መሆን ሲገባው እስከ ስልሳ ስምንት ወርዷል። ረጅሙ መቋረጥ ሰባ አራት ሴኮንድ። ሐኪሙ የኦክስጅኑን መስመር አሳየን፤ መስመሩ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ። ባሌ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ብዙ አየው። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። «እርስዎ ነዎት» አለው ሐኪሙ። ባሌ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ይህንን ግን ፎቶ ኮፒ አላስነሳውም።

መድኃኒቱ ማሽን ነው፤ ሲፓፕ ይሉታል። እንዴት እንደገዛነው አልነግራችሁም፣ የልጃችን ደግነት ነው ብዬ ልለፈው። ትልቅ ዳቦ የሚያህል ማሽን፣ ረጅም ጎማ፣ አፍንጫ ላይ የሚገጠም ጭምብል፣ አየሩን የሚያረጥብ የውሃ ማጠራቀሚያ። አየር በቀስታ እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ሐኪሙ ለባሌ አንድ ነገር ነገረው፤ ማሽኑ በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደተጠቀሙበት ይመዘግባል፣ ሦስት ወር በደንብ ከተኙበትና ቀን ቀን እንቅልፉ ከለቀቀዎት መንዳት ይችላሉ ብዬ እጽፋለሁ አለው። ቁልፉ ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ነው ማለት ነው።

ማሽን ሲመጣ ያርፋሉ ያለኝ ሰው ቢኖር ባየሁት። መጀመሪያ ጺሙ ነው። ጭምብሉ ከላይኛው ከንፈሩ ጺም ጋር አልገጥም ብሎ አየሩ በጎን ያፈተልካል፤ ግማሹ ዓይኑን ይመታል፣ ግማሹ አንገቴን። ተላጨው ብለው «በዚህ ጺም ነው ያገባሁሽ» አለኝ። ቀጥሎ ውሃው ነው። ነርሷ የተጣራ ውሃ፣ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ አድርጉበት ብላለች። ባሌ ጎሚስታው ጋ ሄዶ የባትሪ ውሃ በጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። «የተጣራ አላለችም? ከዚህ የተጣራ ውሃ አሰላ ውስጥ የለም» ይለኛል። ሰውን መኪና አደረገው። ጠርሙሱን ቀምቼ ደፋሁት፣ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በየቀኑ የማፈላው እኔ ነኝ።

ከዚያ ብርዱ። የኛን አገር ብርድ ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አያውቁትም። እርጥቡ አየር ቀዝቃዛው ጎማ ውስጥ ውሃ ይሆንና ባሌ አፍንጫ ላይ ይንጠባጠባል። «በእንቅልፌ አሰጠማችሁኝ» ብሎ ሲነሳ፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ቀድጄ ለጎማው ልብስ ሰፋሁለት። ከዚያ መብራቱ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ባሌ ጭምብሉን ይነቅላል፣ እኔ ወደ ድሮ ሥራዬ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ደክሞኛል። ያ ሁሉ ተወጥቶ ያ ሁሉ ተወርዶ እዚያው ነኝ ብዬ ስንት ቀን መዝገብ ቤት ተቀምጬ አስቤያለሁ።

ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ የማሽኑን መዝገብ ከፍቶ አየ። በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት። ባሌ «ኧረ ሌሊቱን ሙሉ ነው» አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሐኪሙ መስመሮቹን አሳየው። «አባቴ፣ ከአራት ሰዓት በታች ከሆነ አልተጠቀሙበትም ነው የሚባለው። እኔም መጻፍ አልችልም።» ስንወጣ ወደ ቤት አልገባም፣ ወደ ጸጉር ቤት ታጠፈ። ሲመለስ ጺሙ የለም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከንፈሩን አየሁት፤ ቀጭን ነው። አልሳቅሁም፣ እግዜር ያውቃል፣ ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን እንደ መኪና ያዘው። ፊልትሮውን በየሳምንቱ አውጥቶ አቧራውን ያራግፋል፣ ጎማውን አጥቦ ይሰቅላል፣ ጭምብሉን ጠዋት ጠዋት ራሱ ይጠርጋል። ጎሚስታው ጋ የቆመ የመኪና ባትሪ አምጥቶ፣ ሶላር የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄዶ የሚያስፈልገውን አስገጥሞ፣ መብራት ቢጠፋም እንዳይቆም አደረገው። የኔን ነገር ለአስራ አንድ ዓመት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው የማሽን ነገር ሲሆን በአንድ ቀን ገባው። ምን ይደረግ። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከምናምን ተመዝግቦ ነበር፤ ማሽኑ የሚለካው ትንፋሽ መቋረጥም ወደ ሦስት ወረደ። ሐኪሙ ጻፈለት፣ ቢሮው ቁልፉን መለሰለት። በመጀመሪያው ሰኞ ጮሌ ደርሰው ሲመጡ ልጅቷ ጠረጴዛዬ ጋ ጎራ ብላ «እትዬ፣ ጋሼ መንገዱን ሁሉ ሲያወሩ ሄደው ሲያወሩ መጡ፣ ጆሮዬን አሳመሙኝ» አለችኝ። ወረቀቱ እውነተኛ ስለነበር እኔም ሳቅሁ።

እንግዲህ ማረፍ ነበረብኝ። አላረፍኩም። ጸጥታ ለኔ ለአስራ አንድ ዓመት ደግ ወሬ ሆኖ አያውቅም፤ ጸጥ ሲል ቁጠሪ ነው። አሁን ደግሞ ክፍሉ ሁልጊዜ ጸጥ ነው። ማሽኑ እሽሽ ይላል፣ ባሌ ይተኛል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ይሞላል፣ ስልሳ ይሞላል፣ መቶ ይሞላል፤ እጄን ደረቱ ላይ አደርጋለሁ፣ ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ይሉኛል፣ ደህና እላለሁ። ዘበኛውን ንብረቱ ተሸጧልና ሂድ ቢሉት የት ይሄዳል።

ይህ ስንት ሳምንት እንደቆየ አልቆጠርኩም። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ጎኔን አንድ ነገር መታኝ፤ በኃይል። ብድግ ስል ብርሃን ሆኗል። ባሌ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ገፍቶ፣ በክርኑ ተደግፎ ከላዬ ሆኖ ያየኛል። ጎማው ተንጠልጥሎ አየሩን ባዶ ላይ ይተፋል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ትንፋሽሽ ጠፋኝ» አለ።

እንቅልፉን ጠግቦ ማልዶ ነቅቶ ኖሯል። ሲያየኝ አልንቀሳቀስም፤ ማሽኑ እሽሽ ስለሚል ትንፋሼ አልተሰማውም። ጆሮውን ወደ አፌ አቀረበ፣ አልሰማም። ተኝቼ ነበር እኮ፣ የምር ተኝቼ ነበር። ሰው እንደዚያ ጭጭ ብሎ ሲተኛ አይቶ አያውቅም፣ ከየት አባቱ ያየዋል።

«ቆጠርኩ» አለ።

«ስንት ቆጠርክ?»

«አስራ ሁለት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።»

«እኔ እስከ ሠላሳ እታገስ ነበር» አልኩት። ልበቀለው አልነበረም፤ ከአፌ ወጣ።

ጭምብሉን አውልቆ ጭኑ ላይ ያዘው። ማሽኑን ለማጥፋት ቁልፉን ሁለቴ ሳተው። ካጠፋው በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔን ሳያይ፣ ግድግዳውን እያየ ጠየቀኝ።

«በየሌሊቱ?»

«በየሌሊቱ።»

ሐኪሙ ፊት ቁጥሩን ሲያይ እንኳ እንደዚህ አልሆነም። ይቅርታ አላለኝም፤ የባሌ አፍ ያንን ቃል አይሠራም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳበልኝ። «ተኚ» አለኝ። «ውሃውን እኔ አፈላዋለሁ።» ጫማውን ፈልጎ ወጣ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ከውጭ ጎረቤቴ በአጥር በኩል እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁት ሰማሁ። «ተኝታለች» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ያወሩትን አልሰማሁም።